የአምናው ዋጋ

የሂርማታ ሰዎች ሚዛኔን ያምናሉ፤
«ግራም አትሳሳትም፣ የተማም» ይላሉ።
እኔን ማን መዝኖኝ!

ፈረሱላው አምና ዘጠኝ ሺህ ደረሰ፤
ያ ቁጥር ከራሴ ጎጆውን ቀለሰ።
ዘንድሮ ስምንት አሉ፣ «ይመለሳል» አልኩኝ፤
ሰባት ሲሉኝ ደግሞ ደላላ ሰደብኩኝ።

«ይወጣል» ያለኝን ቁርስ ምሳ ጋበዝኩት፤
«ይወርዳል» ያለኝን ሰላምታ ነሳሁት።
መቶ ብር ብታተርፍ የሊሙዋ ጭነት፣
ፊቴን ሳልታጠብ ገና በጧት ሸጥኳት።
የከሰረው ቀረ።

ዋጋውን እንዳላይ ስልኬን ደፍቼ አደርኩ፤
ኪሳራም ካላዩት የለም ብዬ ቆጠርኩ።
ክረምቱ ገባና ጣሪያው አፈሰሰ፣
ነጂብ ሚዛን ያዡ ጆንያ ዳሰሰ፤
«ሻግቷል» ብሎ ዝም።

ስልኬ አምስት ይላል። የጅሬን ነጋዴ
«ስንት ልክፈልህ?» ቢለኝ፣ ሳይማከር ሆዴ፣
አፌ «ዘጠኝ» አለ።