ሞክሼ

"ዮአሽ!" ብዬ ስጣራ ሁለት ሽማግሌ ይነሣል፤
አንዱ ከታችኛው ኪቡትስ፣ በቀኝ ጉልበቱ ያነክሳል።
ሌላው የወገራ ሰው ናቸው፤ ለመስኮቴም እጅ ይነሣሉ፣
ሳይጠሩም "አቤት" ይላሉ።

አፉላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ክሊኒክ፣ ሦስተኛው መስኮት፤
አሥራ አንድ ዓመት ስም ጠራሁ፣ ይኸው ነው የኔ ሹመት።
አንዱን በዕብራይስጥ "አንተ" እላለሁ፣ ሌላውን በአማርኛ "እርስዎ"፤
ኮምፒውተሬ ግን "እርስዎ" አያውቅም።

ወገሬው ኢዮአስ ነበሩ። አውሮፕላን ጣቢያ ጸሐፊዋ
"ኢ"ን ጣለችው፣ "ስ"ን "ሽ" አለችው፤ ሊያልቅ ነበር ፈረቃዋ።
"መቼ ተወለድህ?" ብትላቸው፣ "በአጨዳ፣ አንበጣ የመጣ ዕለት፤"
እሷም "ጃንዋሪ አንድ" ብላ በሰማያዊ ቀለም ሞላች፣ በቅጹ ክፍት።
ኪቡትሰኛው ግን፣ ጉድ እኮ ነው፣ በዚያችው ቀን ነው የተወለደው፤
በድንኳን፣ ጭቃ መሐል፣ አዋላጅ ጠፍታ አባቱ ነው የተቀበለው።
"ስምን መልአክ ያወጣዋል" ይባላል፤ እንዲያ ከሆነ
ያን ሰሞን መልአኩ ታክቶት ነው፣ ወይ ስም አልቆበት ባከነ።

አንድ ቀን መድኃኒት ተምታታ፤ የልቡን ለስኳሩ ሰጠሁ።
ከሰዓት ይዘውት ሲመጡ እኔ በቁሜ ተቀበርሁ።
እነሱ አግዳሚው ላይ፣ እንክብሉን እንደ ብይ ተለዋውጠው
ሳቁ፤ ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ አያቸዋለሁ ጎን ለጎን ተቀምጠው።

"ሁለት ኢዮአስ ነበሩ" ይላሉ ወገሬው፣ ቋንቋው ሲጎድል በእጅ እየሞሉ፣
"ሁለቱም ንጉሥ" ይላሉ።
"አንዱ በኢየሩሳሌም፤ ከአያቱ ሰይፍ ተሸሽጎ ያደገ በቤተ መቅደስ፣
በሰባት ዓመቱ የነገሠ፣ ዘውዱ ወርዶ እስከ አፍንጫው ድረስ።
ሌላው በሰማርያ፤ ነቢዩ ሊሞት ሲል 'ምድሩን በፍላጻ ምታ' ቢለው
ሦስቴ መትቶ ያቆመ፤ እስኪ ምን ነበር ቢደግመው?
ሦስት ዓመት ያህል አብረው ነገሡ። 'ከኢዮአስ ለኢዮአስ' ሲል ጸሐፊው
እንዳንቺው ተምታቶበት ይሆናል፣ የዚያን ለዚህ የላከው።"
ይጠቅሱኛል። ወዲያው ደግሞ፦
"በጎንደርም አንድ ነበረ፣ በልጅነቱ ዘውድ የጫኑበት፤
በሻሽ አንገቱን አነቁት።"
ዝም ይላሉ። ያን ጊዜ ኪቡትሰኛው
በምርኩዙ ከመስኮቱ ማዶ፣ የታረሰውን መሬት እያሳየ፦
"የጌዴዎን አባትም ኢዮአስ ነው፤ 'ዖፍራ ይህችው ናት' የሚል አለ።
ልጁ በሌሊት ጣዖት አፍርሶ፣ አገሬው 'ልጅህን አውጣ' ቢለው፣
'አምላክ ከሆነ ራሱ ይሟገት' ብሎ ከደጁ ንቅንቅ ያላለው።
ዘውዱ ለናንተ ይሁን፤ እኔ በዚያ ገበሬ ነው የምጠራው።"

ከበዓላቱ በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ወገሬው ብቻቸውን መጡ።
ካርዳቸውን ሳስገባ ማሽኑ አንዲት ቃል አወጣ፦
ሟች።
ከፊቴ ቆመዋል። ትንፋሻቸው መስታወቱን ሸፍኖታል።
"አባባ፣ እዚህ... ሞተዋል ይላል።"
"ግማሹ እውነት ነው፣ ልጄ። ትናንት በዝናብ ቀበርነው።
በዕብራይስጥ ማንበብ የማውቀው ስሜን ብቻ ነው፤
እንጨቱ ላይ እሱኑ አነበብሁ።"
የጎረቤቴ መስኮት ልጅ ነው፤ ስም አየ፣ ልደት አየ፣ ዘጋቸው።
"አሁን አስተካክለዋለሁ" ብዬ ጣቴን ስሰድ፣
መስታወቱን በቀለበት ጣታቸው አንኳኩ፦
"ተዪው። ክኒን ለስምንት ቀን አለኝ፤ ለቅሶው ሰባት ቀን ነው፤
ሞክሼ ብቻውን አይሄድም፣ ትንሽ መንገድ ልሸኘው።"

ሰባት ቀን ሙሉ ሟች ነበሩ። በስምንተኛው
አንድ ቁልፍ ነክቼ አስነሣኋቸው፤ ነቢይም አላስፈለገው።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይሉ ነበር፤
እንዲህ በአግዳሚ ላይ፣ ወረፋ ይዞ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።
ባርኔጣቸውን ከጎናቸው፣ በባዶው ቦታ አኑረዋል።
"ዮአሽ!" አልሁ።
አንድ ሰው ተነሡ፤
ሁለቴ "አቤት" አሉ።