ከአረፋ የተረፈ

ከሸቂ በላይ፣ ዴዶ ላይ፣ ጉሙ ገብሱን አቅፎ ሲያረፍድ፣
የእኛ ነገር እንዲህ ነበር፣ ዘወትር በአንድ መንገድ፦
ላቱ የሰፋው፣ ጀርባው እንደ ሰሌን የተዘረጋው
ለአረፋ ጅማ ወርዶ ይሸጣል፤
ገዢ ዳብሶ የተወው፣ ጎድኑ የሚቆጠረው
እቤት ይቀርና አባት ይሆናል።
ለገበያው ምርቱን፣ ለዘሩ ግርዱን፤
በጉ ሲያንስብን ደግሞ እንወቅሳለን ሰማዩን።

ሂንዲያ ከኮሌጁ መጣች፣ ሳጥን በትከሻዋ፣
ጭቃ የዋጠው ቦቲ ጫማዋ።
ከማሰልጠኛው ቆርቆሮ ጥላ
ቆምን፤ ወንዱ ባንድ፣ ሴቱ በሌላ።
"ቅረቡ" ስትል ማንም አልቀረበ።
አባ ቢያ በከዘራው ጭቃው ላይ ጻፈ፤
ምን እንደጻፈ እሱም አላነበበ።

ጎማውን ለብ ባለ ውሃ ሞላች፣
ሙቀቱን ሁለቴ ለካች፣
የማኅበሩን አውራ፣ ሊዘል ሲነሳ፣
በጎማው አታለለች።
"ታዲያ እሱ ምን ቀረለት?" አለ አባ ቢያ።
ሴቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ፤
ሲቲና ብቻ ጮክ ብላ ሳቀች፣
ባሏን ከቀበረች ወዲህ ስትስቅ ያየ የለም።

"የዚህ የአንድ ጊዜው፣ በወተት ተበርዞ፣
ለአስር እናት ይበቃል።"
አስር! በጣታችን ቆጠርን።
ሲቲና ዳለቻዋን ጎትታ መጣች፣
የኋላ እግሮቿን አጣናው ላይ ሰቀለች።
የግንባር መብራት። ቀጭን ቱቦ። አንድ ትንፋሽ።
"ጨረስኩ።"
"ይኸው ነው?"
"ይኸው ነው።"

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ።
ሃያ ዓመት ሞፈር የጨበጠ እጅ
እንደ ቄጤማ ተንቀጠቀጠ።
"ቀስ" አለችኝ፣ "የጎረቤት በር እንዲህ ነው የምታንኳኳው?"
ቀስ አልኩ። ላብ አይኔ ገባ።

ማገሩ ላይ በከሰል ቀን ማስመር ጀመርኩ።
በአስራ ሰባተኛው መስመር
የእኔዋ ጮኸች፣ አጥሩን ዞረች፣ አውራ ፈለገች።
እጄ ነው? ብርዱ ነው?
ሂንዲያ ደብተሯ ላይ ጻፈችና "በሚቀጥለው" አለች፣
ሌላ ምንም አልጨመረች።

የሲቲና ግን በአምስተኛው ወር፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ወንድ ወለደች። እርጥብ፣ ረጅም፣
ላቱ ገና ሲወለድ የሚከብደው።

ዓመት ዞረ። አረፋ ሲቃረብ
አይሱዙው ከጅማ ወጣ፤
ነጋዴው ጠቦቱን ዳበሰ፣ ዋጋ ጠራ፣
ጨመረ፣ ደግሞ ጨመረ።
ሲቲና ጠቦቱን ወደ ጋጥ አስገብታ በሩን ዘጋች፤
ድምጿ ከውስጥ መጣ፦
"ይሄ አባት ነው።
ግርዱ እዚያ ነው፣ ከአጥሩ ጥግ።"

አባ ቢያ ከዘራውን ጭቃው ላይ ተከለ፣
ዛሬ ምንም አልጻፈ።
እኔም ቤቴ ገብቼ
የድሮውን መስመር በእጄ መዳፍ አጠፋሁ፤
ከሰሉ መዳፌ ላይ ቀረ።
አንድ ብዬ አሰመርኩ።