ሐዲዱ ያለፈበት

መሐንዲሱ እርሳሱን ካርታው ላይ ሲጎትት፣
ሐዲዱ አለፈን በሦስት ማይል ርቀት።
እኛም አልተሟገትን።
የኔብራስካ ሜዳ በበረዶ ሲጠጥር፣
ቤቱን ከነጣራው፣ ሱቁን ከነበሩ፣
በሬ ጠምደን በግንድ አንከባለልን ወደ ባቡሩ።
ቤተ ክርስቲያኗ እየተንገዳገደች፣
ደዋይ ሳይኖራት መንገዱን ሙሉ ጮኸች።
ሉድሚላ እሳቷን ማጥፋት እምቢ ብላ፣
ድንቿ እንደተጣደ ገባች ከተማ፣ ጭሷን አስከትላ።

አሁን ከተማ ነን፤ ጎተራችን ሰማይ ይነካል፣
ቀትራችን በፀሐይ ሳይሆን በባቡር ይለካል።

ሙታን ብቻ ቀሩ።
መቃብር በግንድ አይንከባለልም።

የማታው ባቡር ከሩቅ ሲያፏጭ
ሉድሚላ መስኮቷን ወደ ስንዴው ማሳ ትከፍታለች፤
«ሰማኸው፣ ቮይቴክ?
ዛሬም አመሸ» ትላለች።