ታጣፊ ቤት

በፍራጋ ነው የተጀመረው፣ ከሲንካ ወንዝ ማዶ፣ በሰኔ፣
የኮክ መጋዘን ሲፈርስ፤ ፓነል ነቃይ ነበርኩ እኔ።
ሃያ ዓመት ብርድ ያቀፈ፣ ስስ አሉሚኒየም የለበሰ፣
ሆዱ ቢጫ ፎም የሆነ፣ ጫፉን አይጥ የቀማመሰ።
ባለቤቱ «ውሰዱልኝ» አለ፣ «ማስጣያው ከዋጋው ላቀ»፤
ኒየቬስ ጉንጯን አስጠጋች፣ ፊቷ በሳቅ ደመቀ፦
«አሁንም ይቀዘቅዛል!»

ኒየቬስ፣ በአገሯ አፍ፣ «በረዶዎች» ነው ትርጉሙ፤
ከምድረ በዳ ዳር ላደገች
ሹፈት ነው እንጂ ስሙ።

አምና በበዓሉ ሰሞን፣ ሞኔግሮስ፣ ሌሊቱ በከበሮ ሲናወጥ፣
ድንኳናችን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሲያቀልጥ፣
ከመኪናው ሆድ ሥር ተጋድመን፣ እንደ ውሻ እያለከለክን፣
«ከርሞ» አለች፣ «ቤት እንደ ጋዜጣ አጥፈን፣ በብብት ይዘን ካልመጣን...»
መሐላውን ሙቀቱ ጨረሰው።

እነሆ ከርሞው ደረሰ።
ሜትር፣ ካተር፣ እርሳስ፣ በጋራዡ ወለል ላይ፤
ስድስት ግድግዳ ለምድር፣ ስድስት ሦስት ማዕዘን ለሰማይ።
ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ቆረጥኩ።
በሁለት ጣት አጠረ።

በኔ ቋንቋ፣ አልኳት፣ ግጥም ማለት ይኸው ነው ሥራው፣
ጫፍ ከጫፍ ተገናኝቶ፣ ብርሃን እንዳያፈስ ጣራው፤
ቤት ካልመታ አይሆንም።
«ቤትን ለምን ይመቱታል?» አለች፣
መዶሻ ይዛ።

ማጠፊያው ነበር መከራው። ፕላስተር ብንለጥፍ ላብ ላቀቀው፣
ብረት ብናስር ከበደ፣ ፎሙንም በላው፣ አደቀቀው።
አጎቷ ኤሌውቴሪዮ፣ የካሚዮን ሸራ ሰፊ፣
ሰማንያን የተሻገረ፣ መርፌው ረጅም፣ ቃሉ አጭር፣ ሲያሻው ለሳምንት አኩራፊ፣
«ቤት ከታጠፈ ቤት አይደለም፣
ሻንጣ ነው!» ብሎ ተቆጣ፤
በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ
ሸራና ሰም ይዞ መጣ።

ሰፋ። ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ፣ በሰም እያሸ፣
አስራ አንዱን ማጠፊያ ጨርሶ፣ ብርሃኑ በመስኮት ሸሸ።
አስራ ሁለተኛው ላይ ቆመ፣ መርፌው በሸራው መሃል፦
«መኪነንሳ... አሮጌዋ፣ ወንዙ ዳር... ታውቂ የለ?
ግድቡ ሲመጣ በሩን ነቀልን፣ ሁለት አልጋ፣ የእናቴን መስታወት፤
የቀረውን ውሃው ወሰደው።
ደረጃው ዛሬም ታች ነው፣ ዓሣ ይወጣ ይወርድበታል።
ያኔ ይቺን ባውቅ...»
አልጨረሰውም። መርፌውን ሳበው።

ሐምሌ። ነጭ አፈር፣ ዛፍ የሌለበት ሜዳ፣
ግማሹ በላባ አጊጦ፣ ግማሹ ራቁቱን በቀለም፣ ሲጨፍር ባዳ ከባዳ።
እኛ በቁጥሩ ዘረጋን፤ ግን አራትን ከሦስት አስቀድመን
ጣራው አፉን ከፍቶ ሳቀብን፤
እንደገና አጥፈን ጀመርን።

ከሰዓት ሲዬርዞ ተነሣ፣ ያ የኤብሮ ሸለቆ ነፋስ፣
ወንበር አንጠልጥሎ የሚሮጥ፣ ባርኔጣ ለሰማይ የሚለግስ።
ቤታችን ከነካስማው መብረር ሲያምረው፣ ሸራው ተወጥሮ ሲያቃስት፣
ኤሌውቴሪዮ ገባና፣ «እኔ መሠረቱ ነኝ» ብሎ
መሃል ወለሉ ላይ ተኛበት።

ውጪ አርባ አንድ ዲግሪ። ውስጥ ሃያ ስምንት።
ቴርሞሜትሩን ሦስቴ አየሁ፣ አላመንኩትም በእውነት።
ፎሙም ሞቅ ሲለው፣ ሃያ ዓመት የደበቀውን ሽታ ለቀቀ፤
ኮክ። የበሰለ ኮክ።
ኒየቬስ ግድግዳውን በጉንጯ ነካች፣ እንደዚያን ቀን።
ሽማግሌው ያንኮራፋል።
ከበሮው አልቀሰቀሰው፣ ነፋሱም።

በአራተኛው ቀን ስናጥፍ፣ አስራ አንዱ እሺ ብሎ ተኛ፤
አስራ ሁለተኛውን ስይዝ
«ቆይ» አለኝ፣ «እሷን ለኔ ተዋት።»
ከጎኗ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል፣ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል።
መኪናው ሞተሩ ተነሥቷል።
እኛም አላጣደፍነውም።