ሦስተኛው ትውልድ ሲዘጋ

አፉላ፣ ላይኛው ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ከኩሽናው መስኮት ዳር፣ ከልብስ ማስጫው በላይ፣
ሁለት ሰረዝ አለ።
ክንዴን ዝቅ ሳደርግ አንዱን ነፋስ በላው፤
ሳሎን ስገባማ ሁለተኛውም የለ።
ያቺ ክብ ብቻ ቀረች፣ መዞር የማይታክታት፣
እንደ ባለጉዳይ ሴት፣ ዳኛው ዛሬም ነገም «ቆይ» እንደሚላት።

መልእክት ልከው ነበር፣ ገና ዝናቡ ሳያባራ፦
«ውድ ደንበኛችን፣ መረባችንን ልናድስ ነው፣ ተራ በተራ፤
ከፋሲካ በፊት ያልቃል፤ ጥቂት ይታገሱን።»
ታገሥን።
ቂጣው መጣ፣ አለፈ፤ እርሾ ተመለሰ፤
ሸለቆው ውስጥ ስንዴው ታጭዶ፣ ጭዱ ተጠቅልሎ፣ እርሻው ታረሰ፤
የኛ ስልክ ግን ያው ነው፤ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሳለ
«አልተገኘም» እያለ።

ማክሰኞ የተላከ የሐኪም ቤት ቀጠሮ
እሁድ ደረሰኝ፤ ፍሪጁ አጠገብ ቆሜ አነበብኩት፦
«ነገ ጠዋት በባዶ ሆድ ይምጡ።»
የቱ ነገ? ብዬ ፍሪጁን ጠየቅኩት።
አራት ቀን ያለፈው ነገ አይቼ አላውቅም።

ደወልኩ፣ ከልብስ ማስጫው ሥር። ሊያት የምትባል ልጅ፣
ድምጿ ማር የመሰለ፦ «ቤት ውስጥ ነህ ወይስ ደጅ?»
«ቤቴ ነኝ» አልኳት። «እንግዲያው ውጣ» አለችኝ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ለባንክ ከከፈልኩበት ቤት ነው ውጣ ያለችኝ።

የመብራት ሂሳብ ወረቀት ገልብጬ ቤቴን ሣልኩ፤
በእርምጃ እየለካሁ፣ ሰረዝ ያለበትን ነጭ ተውኩ፣ የሌለበትን አጠቆርኩ።
ይርገዱ ሳቀች፦ «ገመድ ጎትት እንጂ! አያትህ ርስት አይገባህም ተብሎ
ጭሰኛ ሆኖ ሞተ፤ የልጅ ልጁ ይኸው፣ አየር ሊካፈል ነው፣ እርሳስ ቀስሮ።»

ከሁሉ የጠቆረው
ማማዱ ነው። ናዖር የሚያድርበት፤ ግድግዳው ስንዝር ተኩል ነው፣
ሲሚንቶና ብረት። ሲያድነን ያደነቁረናል፤
ሳይረን ሲጮህ ገብተን፣ «አበቃ፣ ውጡ» የሚለው መልእክት
ደጅ ቆሞ ይጠብቀናል።

አንድ ቀን ከውሃው ማማ ራስ ላይ ሰው አየሁ፣ በገመድ የታሰረ።
ቫዲም ይባላል፤ ሲወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠሁት፤ ጠጣና ተናገረ፦
«ሦስተኛው ትውልድ ተዘጋ። አምስተኛው ሊገባ ነው።
የድሮው ሞገድ ረጅም ነው፤ የሚሸከመው ጥቂት ነው፤
ግን ግድግዳ ያልፋል።
አዲሱ ዓለሙን ተሸክሞ ይሮጣል፤ ግድግዳ ሲያይ ይመለሳል።
አሮጌውን አውርደናል፤ አዲሱን ገና አልጨረስንም፤
አንተ ያለኸው መሀል ላይ ነው። ስልክህ አልተበላሸም።»

መሀል ላይ። እንዲህ ያለ ምርመራ ሐኪምም ነግሮኝ አያውቅ።
ደረጃውን ስወጣ «ትውልድ» የምትለው ቃል
ትንፋሼን ይዛ አብራኝ ወጣች።

ማታ ይርገዱ ከምድጃው ዳር «ናዖር!» አለች፣ አንዴ፣
ጮክ እንኳ ሳትል።
የማማዱ በር ተከፈተ።
መጣ፣ በካልሲው፣ ስልኩን እንደ ታመመች ወፍ ይዞ፤
በዚያ ፈጣን ዕብራይስጡ የኳሱን ነገር ሲነግረኝ
ግማሹ ደረሰኝ፤ ሌላው መንገድ ላይ ቀረ።
ካርታውን አሳየሁት። ወደ ነጩ ቦታ ሄድን፤
የይርገዱ እርጥብ አንሶላ አናታችን ላይ እየተንጠባጠበ ቆምን።
ቦታው የአንድ ሰው ነው፤ በብብቴ ሥር ገባ።
ስልኩን ተቀብዬ ክንዴን ከፍ አደረግሁ፤
አንድ ሰረዝ፣
ሁለት፤
ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣
«ሳባ፣ አትንቀሳቀስ» አለኝ፣ በአማርኛ።

አልተንቀሳቀስኩም።