የሰከንድ ሽርፍራፊ

ደብረ ብርሃን። የጥር ማለዳ። ውርጩ ከመሬት አልተነሣ፣
ስድስት መቶ ሲሲዋ ሞተሬ በሩ ላይ ቆማለች፣ አመዳይ ለብሳ።
እጅጋየሁ ላሜራውን በር ስትገፋው አቃሰተ፣
«ያው ማርሹ ነው?» «ያው ነው።» ትንፋሻችን ጭስ መስሎ ታየና ሞተ።

አሮጌው ኩዊክሺፍተር ማብሪያ ማጥፊያ ነው፣ ሌላ አያውቅም፣
እግሬ ሲነካው ሞተሩን ቀጥ! ምን ያህል እንደነካሁት አይጠይቅም።
በዝቅተኛ ዙር እንደ በቅሎ ይራገጣል፣
ካቴናው ሲወራጭ የኔ ወገብ ይቀጣል።
ከአንድ ወደ ሁለት ስል መሀል ላይ ባዶ ማርሽ ያጋጥመኛል፣
ሞተሩ በከንቱ ይጮኻል፣ ኋላዬ ያለው አይሱዙ ጡሩምባውን ይነፋብኛል።
ደግሞም የሚያውቀው ሽቅቡን ብቻ። ቁልቁል ሲሆን
ፍሪስዮን መጨበጥ አለ።

የግራ እጄን ነገር ልናገር።
ሁለቱን ጣቶች የክር ፋብሪካ ማበጠሪያ ወሰዳቸው፣
የቀሩት በብርድ ቀን ከተዘጉ አይከፈቱም፤ ቁልፉ የጠፋ ሳጥን ናቸው።
እጅጋየሁ ታውቃለች። ስሟ ውስጥ «እጅ» አለ፣ «አየሁ»ም አለ፣
ዓይኗ ግን አንድም ቀን ከጉቶዎቹ ላይ አልዋለ።

የማርሽ ዘንጉን ፈታች። ባለ ስምንት ቁልፍ፣ አንድ ጠብታ ዘይት፣
አሮጌውን ቆርቆሮ ውስጥ ወረወረችው፤ ጮኸ እንደ ባከነ ጥይት።
አዲሱ አንዲት ጣት ያክላል።
(ሁለታችንም አልሳቅንም።)
እግር የገፋውን ልክ ይመዝናል፣ ሽቅብም ቁልቁልም ይሰማል፣
ማርሽ ሲወርድ ጋዙን ራሱ ቆንጠር አድርጎ ዙሩን ያስማማል።
ሽቦውን በፍሬሙ ስር አሳልፋ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው፣
ላፕቶፗን ጀሪካን ላይ አቁማ በጃኬቷ እጅጌ ጠረገችው።
«ሰማንያ ሚሊ ሰከንድ ነበር፤ ወደ ስልሳ አምስት ላውርደው?
ከዚህ ካነሰ ማርሹ ሳይገባ ጉልበት ይመጣል፤ ጥርሱን ነው የሚንደው።»

ስልሳ አምስት ሺኛ! ይህች ደግሞ ጊዜ ተብላ ትቆጠራለች?
የዓይን ቅጽበት እንኳ ከጎኗ ብትቆም ዕድሜ ጠገብ ትመስላለች።
በዚያች ሽርፍራፊ ካንዴላው እሳቱን ይነፍጋል፣ ጥርስ ከጥርስ ይላቀቃል፣
ማርሹም የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚራመድ ሾልኮ ይዘልቃል።
ጣቶቼም የሄዱት በዚያችው ልክ ነበር። ያን ለት ግን እሳቱን የሚነፍግ ጠፋ።
ይህን ለእጅጋየሁ አልነገርኳትም።
ካቻቢቴ አቀበልኳት።

እኩለ ቀን ላይ ጣርማ በር። ዋሻው ውስጥ ፍሪስዮኑን ሳልነካ፣
ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ አንዱ ድምፅ ሳይሞት ሌላው ሲተካ።
ከዋሻው ወዲያ ቁልቁለቱ፣ ጠመዝማዛ በጠመዝማዛ፣
አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፤ ግራ እጄ እጀታው ላይ አርፏል፣ እንደ ጡረተኛ ፈዛዛ።
ከቆላው የሚወጣው ሙቀት ጓንቴን ዘልቆ ገባ።

ደብረ ሲና መግቢያ ቆሎ ሻጮች መንገዱን ሞሉት።
መቆም አለብኝ። ለመቆም ደግሞ ያ ሁሉ ረቂቅ ነገር አያውቅም፤
ያው ፍሪስዮን ነው የሚጨበጠው፣ በቀሩት
በነዚሁ ጣቶች።
እጅጋየሁ ቀድማ ብላኛለች፦ «መሀሉን አቀልልሃለሁ፤
መነሣትና መቆም ግን ካንተው ነው። እሱን ከየት አመጣለሁ?»

ጨበጥኩ። ተዘጉ።
ቆየት ብለው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ተከፈቱ።

የሃያ ብር ቆሎ ገዛሁ። ቀኜ ፍሬኑን ይዟል፤ ግራዬን ዘረጋሁ።
ጥቂት ፍሬ በክፍተቱ ሾልኮ አስፋልቱ ላይ ተንጠባጠበ።
ልጅቷ እጄን አየችው፣
ከዚያ ቆሎውን፣
ምርቃቱን ጣል አደረገችበትና ወደ ሚቀጥለው መኪና ሮጠች።