ላነሣው ስል

የመንደሩ ስም ቁጥር ነው፤ «ማይል ሃያ ሦስት» ይሉታል፤
ዳኑብ ባሕር ሊገባ ሲል እዚህ ጋ ሲያመነታ ይውላል፤
ሦስት ክንድ አውጥቶ፣ ሸምበቆውን እየዳበሰ፣
አንዱን ሰፈር ደሴት አድርጎ፣ አንዱን ደሴት እያፈረሰ።

ከቪየና ነው የመጣሁት፤ ሆስፒታል አንሶላ አጥባለሁ፤
ይኸው ወንዝ በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ በየቀኑ አያለሁ።
ሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ ሌንስ ተከራይቼ በዕለት ሒሳብ፤
መያዣ ያስያዝኩት ገንዘብ የወር ቀለቤ ነው ቢታሰብ።
ክንድ የሚያህል ሌንስ፤ ባቡር ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌው፣
ሰው ሲያየኝ አፍሬ፣ በሹራቤ ሸፍኜው።

አርቲዮም ይባላል ባለጀልባው፤ ጢሙ የዓሣ መረብ መስሏል፤
ሲጋራው ከንፈሩ ላይ ነው፤ ክብሪቱን ግን ቤት ረስቷል።
በሩማንኛ ያወራል፣ በሩስኛ ይሳደባል፤
እኔ በጀርመንኛ እሺ እላለሁ፤ ሁለታችንም ይገባናል።

ከሌሊቱ ዐሥር ተኩል ላይ ሞተሩን አጠፋ።
ጉም ጀልባዋን ዋጠ፤ የገዛ ጉልበቴ ጠፋ።
እንቁራሪቱ ሁሉ ባንዴ ዝም፤ ከዚያ አንዷ ጀመረች፤
ከዚያ ሺህ። ትንኝ ጆሮዬ ውስጥ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ቀበሮ አየን፤ ደለሉ ላይ፣ ዓሣ ነክሶ፤
ትኬት እንደሚጠይቅ ሰው አየን፣ ትክ ብሎ፣ ፊቱን መልሶ።
ካሜራዬን ሳበራ፣ ክዳኑ ሌንሱ ላይ ነው!
ሳወልቀው ቀበሮ የለም፤ ደለሉ ነው የቀረው።
አርቲዮም አልሳቀም። መቅዘፊያውን ነከረ፤
ትከሻው ግን ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ነበረ።

ከዚያ ጉሙ ተቀደደ፤ ቀዳዳው ውስጥ ፔሊካን፤
ሌላ ፔሊካን፣ ሌላ፣ ሌላ፤ ውሃው ነጣ በዚያ ጎን።
ምንቃራቸው ሥር ከረጢት፣ ደረታቸው ሮዝ በጧት፤
አንዱ ሲያዛጋ ጉሮሮው ውስጥ ፀሐይ ስትገባ አየኋት።

ይህን ወፍ አውቀዋለሁ። ባቱ ነው ያደግሁት፣ ሐይቁ ዳር፤
ዓሣ በሚራገፍበት ቦታ፣ የሆድ ዕቃ ሲጠብቅ የሚያድር።
አባቴ መረብ ጠጋኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጠጠር ወርዋሪ፤
አንዱን ዐይኑ ሥር ብመታው ስሜ ወጣ፦ «አነጣጣሪ»።
ያኔ በነጻ ነበር ማየቱ፤ ዛሬ ዕለቱን ከፍዬበት፣
ያንኑ ዐይን እፈልጋለሁ በተከራየሁት መስታወት።

«በመስከረም ይሄዳሉ» አለኝ አርቲዮም በምልክት፤
ወደ ደቡብ ጠቆመና እኔን አየኝ በጥያቄ ፊት።
ጠጠር በጀርመንኛ ምን እንደሚባል አውቃለሁ።
አልነገርኩትም።

በእኛ አፍ ፎቶ ይነሣል። ማንሣት ነው ግሡ ሲባል፤
ሕፃን ከመሬት ይነሣል፤ ሸክም ይነሣል፤ ሙትም ይነሣል።
ታዲያ ጣቴ ቁልፉ ላይ ሳለ፣ ትንፋሼን ይዤ ላነሣ፣
አንደኛው ክንፉን ከፈተ፤ ላነሣው ስል፣ ተነሣ።
ከሱ ኋላ ሁሉም። የልብስ ማጠቢያው ቤት ሁሉ አንሶላ
ባንድ እጅ እንደሚራገፍ፤ ጉሙ ተበተነ ወደ ኋላ፤
ጠብታ ሽቅብ ዘነበ፤ ጀልባዋ እንደ እንቅልፋም ዋለለች፤
ጣቴ ቁልፉን ይጫናል፤ ካሜራዋም «ቀጭ ቀጭ» አለች።
ዐይኔ ግን ከመስታወቱ ወጥቶ ነበር፤ እንዲሁ አየሁ፣
አንገቴ እስኪያመኝ ድረስ። ምን ያህል እንደቆየሁ
አላውቅም።

ማታ አልጋዬ ላይ ቆጠርኩ፦ ስድስት መቶ ዐሥራ አንድ ፎቶ።
ግማሹ ሰማይ ነው፣ ባዶ፤ ግማሹ ክንፍ፣ ጫፉ ጠፍቶ፤
አንዱ የጫማዬ ክር፤ አንዱ ጉም ይሁን ጉልበቴ ያልለየ፤
አንድ ብቻ፣ ከመካከል፣ ጥርት ብሎ የታየ፦
የአርቲዮም እጅ። ሸምበቆውን ከሌንሴ ፊት ገፍቶ ይዞ፣
የደም ሥሩ ወጥቶ፣ አውራ ጣቱ በመረብ ገመድ ተገዝግዞ፣
ከጥፍሩ ሥር ጭቃ።
ጧቱን ሙሉ ይዞልኝ ኖሯል።

በነጋታው አሳየሁት። ከኪሱ መነጽር አወጣ፤
ራቅ አደረገው፣ ቀረብ፤ ሳቁ ቀስ ብሎ መጣ።
ጥፍሩን አየና፣ በሩስኛ ተሳደበ፤
ወደ ውሃው ጎንበስ ብሎ፣ በአሸዋ ፈትጎ ታጠበ፤
ተመለሰ። እጁን ዘረጋ። ዳግም አንሣው ነው፣ ገባኝ።
ባትሪው አልቋል። ምንም አላልኩም፤
ያዝኩት።
ታጥቦም ዓሣ ዓሣ ይሸታል።